ቀዩን መብራት ያየ ሰው

መኪናዋ አፍንጫዋን ከድልድዩ ግንብ ውስጥ ወሽቃ ቆማለች። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሟቹን አምቡላንስ ወስዶታል፤ የቀረው የረገፈ መስታወትና ከመቀመጫው ሥር የወደቀ አንድ እግር ጫማ ነው። እርሱን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያስቆመው ያየው ነገር ሳይሆን ያጣው ነገር ነበር። ከላይ ከመታጠፊያው ጀምሮ እስከ ግንቡ ድረስ በአስፋልቱ ላይ አንድም የጎማ ጭረት የለም። ግንብ ፊት ለፊቱ ሲመጣበት እያየ ፍሬን የማይረግጥ ሰው የለም። ይህም ሰው ረግጧል፤ ፍሬኑ ግን አልያዘለትም።

ወፍራሙ የተሽከርካሪ ባለሙያ ከመኪናዋ ሥር እያቃሰተ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ተቆርጧል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አልተቆረጠም። የኋለኛው የፍሬን ቱቦ በዝገት ተበልቶ ተበስቷል። ዘይቱ ሲንጠባጠብ ነው የከረመው። ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ ሲደጋግምበት የቀረችው አለቀች፤ የፊተኛው ብቻውን ደግሞ ይህን ቁልቁለት አልቻለውም።»

«እንግዲያው አደጋ ነው በለኛ።»

«እንዲያ ብዬ ቤቴ ብገባ ደስ ባለኝ።» ባለሙያው ጎንበስ ብሎ በተሰበረው መስኮት በኩል ከመሪው ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ አመለከተ። «የፍሬን ዘይት ሲጎድል እዚህ ጋ ቀይ መብራት ይበራል። ጎልቶ ይታያል። እንኳን መካኒክ፣ እንደኔ ያለ እንቅልፋም እንኳ ያየዋል። መኪናዋ ሰሞኑን ጋራዥ ገብታ ከሆነ፣ የነካት ሰው አይቶ ዝም ብሏል ማለት ነው።»

ሳጅኑ ከመኪናዋ ኪስ አንድ ፖስታ ይዞ መጣ። በፖስታው ውስጥ ያልተፈረመ የቤት ሽያጭ ውል አለ። ሟቹ ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የአባቱን ቤት ሸጦ ሊፈርም እየሄደ ነበር። በዚያ ቤት የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው።

«ታላቅየው ምን ይሠራል?»

ሳጅኑ ከመመለሱ በፊት በግንቡ ላይ የተቀረቀረችውን መኪና ዞር ብሎ አየ። «መካኒክ ነው ጌታዬ። ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። ይቺም መኪና ትናንት እሱ ጋ ነው ያደረችው።»

*

በሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል። ኮፈን ሳይከፍት፣ ሞተሩን አስነስቶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና የታመመውን ዕቃ በስሙ ይጠራዋል። ቀድሞ በትልቅ ጋራዥ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ኋላ ግን ከሰው ጋር መሥራት በቃኝ ብሎ በአባቱ ግቢ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ብቻውን ከተተ።

ኢንስፔክተሩ ሲገባ ከግድግዳው ጋር በተደገፈ አሮጌ የመኪና መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነበር። መርዶው ቀድሞ ደርሷል። ሚስቱ ከጎኑ ቆማ እጇን በትከሻው ላይ አኑራለች፤ ቀጭን ሴት ናት፤ ከሁለቱ ማን ማንን ደግፎ እንደቆመ መለየት ያስቸግራል።

«መኪናዋን የሠሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሞተሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ካንዴላ ሞቶ ነው፤ ቀየርኩት።»

«ፍሬኗንስ?»

«ስለ ፍሬን ማንም የነገረኝ የለም።» ሰውየው ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ስጨርስ ስካነሩን ሰካሁ። አረንጓዴ አበራ።»

ሚስቲቱ ሳትጠየቅ ገብታ መሣሪያውን አመጣችው። በመዳፍ የሚያዝ፣ ገመድ ያለው፣ ስክሪን የሚባል ነገር ያልተሠራለት ዕቃ ነው። በፊቱ ላይ ሦስት ድብልብል መብራቶች ተደርድረዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከመኪናው ጋር ሲያያዝ ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴው፣ ብልሽት ካገኘ ቀዩ ይበራል።

«ወንድምዎ መኪናዋን ሲያመጣ ምን አለዎት?»

መልሱ ከሚስቱ መጣ።

«አይነጋገሩም እኮ ጌታዬ። በቤቱ ጉዳይ ተኳርፈዋል። ይሄም ለእኔ፣ ያም ለእኔ ነው የሚናገሩት። እኔ ነኝ የማመላልሰው።»

«ላኮረፉት ሰው ደግሞ መኪና ይሠራሉ?»

«መኪናዋ ምን አደረገችኝ?» አለ ሰውየው።

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ደበቀ። ኢንስፔክተሩ ግን ወደ ዳሱ ዘለቀ። ዕቃው ሁሉ እንደ መድኃኒት ቤት በሥርዓት ተሰድሯል፤ እያንዳንዱ የብሎን መፍቻ በየምስማሩ ተንጠልጥሏል፤ ከመሬት የወደቀ አንዲት ብሎን እንኳ የለችም። ከመኪና ሥር ለመሥራት የተቆፈረው ጉድጓድ ግን ጽልመት ውጦታል። ኢንስፔክተሩ ወደ ላይ ቀና አለ። አምፖል ሊገባበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው።

«መብራት የላችሁም?»

«ተቃጥሎ ነው» አለች ሚስቲቱ ፈጠን ብላ። «በቀን ነው የሚሠራው።»

በባዶው የአምፖል ማቀፊያ ላይ የሸረሪት ድር ከአፍ እስከ ገደፉ ተወጥሮበታል። ኢንስፔክተሩ አየውና ወደ ሰውየው ተመለሰ።

ሰውየውን ይዘውት ሲወጡ ሚስቱ እስከ በሩ ድረስ ክንዱን ይዛ ሸኘችው። ደፉ ላይ ሲደርሱ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ እግሩን አንሥቶ ተሻገረ። ኢንስፔክተሩ የመሰነባበቻ ቃል መሰለው፤ ዓይኑንም ወደ ሌላ አዞረ።

*

በማግስቱ ሌላ ሰው ተገኘ። ሟቹ የግንባታ ዕቃ የሚነግድበት ሸሪክ ነበረው፤ ይህ ሸሪክ መኪናዋን «ካየኋት ሰንብቻለሁ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። የሰፈሩ ዘበኛ ግን ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት በዚሁ ሰው በር ላይ ቆማ አይቷታል። ሸሪኩ ተጠርቶ ሲመጣ ላብ በላብ ነው።

«ለምን ዋሹን?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሸሪክዎ ሲሞት ሱቁ ለብቻዎ ይቀራል። መኪናውም በእጅዎ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያስባሉ?»

«ወንድሜ ሙት! እኔ ሰው አልገድልም!»

«ታዲያ ለምን ደበቁ?»

ሸሪኩ ጣሪያውን አየ፤ ሳጅኑን አየ፤ መጨረሻ ላይ መሬቱን አየ። «አስጫርኳት። በራሴ የብረት በር። ለዕቃው እንዴት እንደሚሳሳ አያውቁትም፤ ይጨርሰኝ ነበር። እኔም…»

«እርስዎም?»

«በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀባሁት።»

ባለሙያው ሄዶ ሲያየው በእርግጥም በኋለኛው በር ላይ የጣት ርዝመት ያህል የጥፍር ቀለም ተገኘ። ሳጅኑ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሲስቅ ዋለ። ኢንስፔክተሩ ግን ከሸሪኩ ቃል አንዲት ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ያዘ፤ «ቀይ መብራት በርቶ ነበር፤ ስመልስለት ነገርኩት፤ ‹ወንድሜ ጋ ላደርሳት ነው፣ ያየዋል› አለኝ።»

የነዳጅ ማደያዋ ሠራተኛም ከዚህ ጋር የሚገጥም ቃል ሰጠች። ሟቹ በመጨረሻው ጠዋት ከወንድሙ ቤት እንደወጣ ነዳጅ ቀድቷል። «ቀይ መብራት በርቶብዎታል አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ወንድሜ አይቶታል፣ የሽቦ ችግር ነው ብሏል› አለና ሄደ። ቸኩሎ ነበር።»

«በቃ፣ አለቀ ጌታዬ!» አለ ሳጅኑ እጁን እያሻሸ። «መብራቱን አይቶታል፤ ሽቦ ነው ብሎ ሸኝቶታል። ቤቱን አስጥሎ ሊሸጥበት ለነበረ ወንድም የሰጠው ስንቅ ይኼ ነው። አለቃ መዝገቡን ነገ ለዐቃቤ ሕግ አድርሱ ብለዋል።»

«አለቃ እውነታቸውን ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁ ግን እንደ አማኝ ሰው ድምፅ አልነበረም። «አንድ ነገር ብቻ ልቤን አልሞላውም። ባለሙያውን ጠይቄው ነበር። ያ ባለሦስት መብራት መሣሪያ የሚያነበው ሞተር ብቻ ነው አለኝ። ፍሬን አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በመኪና ሥር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ መጫወቻ ለምን ይገዛል?»

«ርካሽ ስለሆነ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ኮቱንም ከመንጠቆው አወረደ።

*

የመለዋወጫ ሱቁ ጠባብ ነው። ባለሱቁ ወጣት፣ አፈ ቀላጤ፣ ዕቃውን እንደ ልጆቹ የሚያሞግስ ሰው ነው። ጋሽ ጆሮን ገና በስሙ ሲጠሩለት እጁን አጨበጨበ።

«አይረሱኝም! ከባለቤታቸው ጋር ነው የመጡት። ሁለት ዕቃ አቀረብኩላቸው። አንዱ ይሄውልዎት፣ ባለስክሪኑ። ሞተሩን ያነባል፣ ፍሬኑን ያነባል፣ ኤርባጉን ያነባል፤ የብልሽቱንም ስም ጽፎ ያወጣል። ሌላው ባለሦስት መብራቱ ነው። እሱ እንኳ ለመካኒክ አይደለም፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በበራ ቁጥር ለሚደነግጥ ባለመኪና ነው። ዋጋቸው ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ቤቱ ለሚሠራ ሰው ባለስክሪኑን ነው የምመክረው ብዬ ለመንኩ፣ ተለማመጥኩ…»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ባለስክሪኑን ይዘው አገላበጡት። ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ መለሱልኝና ‹ይሄ ወሬ ያበዛል› አሉኝ።» ባለሱቁ ሳቀ። «ባለሦስት መብራቱን ግን ሰክተን ስናበራው ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ እንዴት ልበልዎት፣ እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ።»

ኢንስፔክተሩ ባለስክሪኑን መሣሪያ ተቀበለና አበራው። ጥቃቅን ፊደላት በመስመር በመስመር ተደረደሩ። እንደ ልማዱ ክንዱን ዘርግቶ ዕቃውን ከዓይኑ አራቀ፤ ዕድሜ ካስለመደው ወዲህ ጋዜጣም የሚያነበው እንዲህ ነው። ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ። ሸረሪት ያደራበት አምፖል የለሽ ማቀፊያ ትዝ አለው። በደፉ ላይ የተሹከሸከው ቃልም ትዝ አለው።

«ባለሱቅ» አለ በዝግታ፤ «የዚህን የባለሦስት መብራቱን ጉድለት፣ ፍሬን እንደማያነብ፣ ለማን ነው ያስረዳኸው?»

ባለሱቁ የነገረውን ኢንስፔክተሩ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ብዙ ቆመ። ያገኘውን ነገር ባላገኘው በወደደ።

*

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ከፍ ያለ መስኮት አለ። ኢንስፔክተሩ በጽሕፈት የተዘጋጀውን ቃል በጋሽ ጆሮ ፊት አኖረና እስክሪብቶ በጣቶቹ መካከል አስያዘው።

«ቃልዎ ነው። አንብበው ይፈርሙልኝ።»

ሰውየው አጎነበሰ። ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ አስኬደ፤ መለሰው፤ ዳግመኛ አስኬደው። በመካከሉ እንደሚያስብ ሰው ቆመ፤ ቀጠለ። አንባቢ ሊወስድ የሚገባውን ጊዜ ሁሉ ወሰደ። በመጨረሻም ወረቀቱን በጣቱ ለክቶ ከግርጌው ፈረመ።

«ጋሼ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «ወረቀቱ የተገለበጠ ነው።»

እስክሪብቶው ከጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወደቀ። ማንም አላነሣውም።

«መቼ ገለበጡት?»

«ከሰጠሁዎት ጊዜ ጀምሮ።»

«ብልጥ ነዎት» አለ ጋሽ ጆሮ፤ በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። «ቀስ እያለ ነው የሄደው። መጀመሪያ ፊደል ጠፋኝ። ከዚያ የሰው ፊት። አሁን ብርሃንን ከጨለማ እለያለሁ፤ መብራት ትልቅ ሆኖ ዓይኔ ሥር ሲሆን ቀለሙንም እለየዋለሁ። ሥራ ግን አላቆምኩም። እጄ ያውቃል፣ ጆሮዬ ያውቃል።»

«ማን ማን ያውቅልዎታል?»

«ማንም። ዕውር መካኒክ ጋ ማን መኪና ያመጣል?»

«ባለቤትዎስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለሰ። «እሷም አታውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ጎተተና ቀረበ። ቀጥሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከዳር ዳር እየዞረ ሲሸሸው ነበር የዋለው። «መኪናዋን ከማስረከብዎ በፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት መኖሩን ማን አየልዎት?»

የሰውየው ፊት ላይ የሆነ ነገር ተለወጠ። ነገሩ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ተሰውሮበት የኖረ አይደለም፤ ከታሰረባት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ተሸክሞት፣ አፍ አውጥቶ እንዳይናገርበት አፍኖት ይዞ የቆየ ነገር ነው። አሁን ሌላ ሰው ስሙን ሊጠራው መሆኑን ሰማ።

«እኔ አየሁት» አለ።

«አያዩም እኮ ጋሼ።»

«አየሁት አልኩ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ቀይ ነበር። በርቶ አየሁት፣ አውቄ ዝም አልኩ። ቤቴን ሊሸጥብኝ ነበር። ሽቦ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ጻፍ!»

«የፈረሙበትን ወረቀት ማየት የማይችል ሰው ቀይ መብራት አየሁ ቢል ማን ያምነዋል?»

«ለማመን ምን ቸገራችሁ? ትናንት አምናችሁ የለ?»

ሰውየው ቀስ በቀስ ቁጣው በረደና ድምፁ ወረደ።

«ታናሼ ነው። እናታችን ስትታመም አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ሲያኮርፍ እንኳ መኪናውን ለሌላ ሰው አላስነካም። በሌላ ሰው እጅ አላምንም ብሏል አለችኝ ሚስቴ። የሞተው ሞተ። አንድ ሰው አይበቃም? ሁለተኛ ሰው አትውሰዱብኝ። እኔን አስቀምጡኝና ነገሩ ይለቅ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ብቻውን ወደ ግቢው ሄደ። ሚስቲቱ በዳሱ ውስጥ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገች በየምስማራቸው ትሰቅላለች።

«ቦታው ከተለዋወጠ ይቸገራል» አለች ዞር ሳትል። ከዚያ እጇ በአየር ላይ ቆመ፤ የተናገረችውን ሰማችው።

«ግድ የለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «እንደማያይ አውቄያለሁ። መብራቱን ያየሁት እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን ወስዷል።»

ሴቲቱ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጊዜ ወስዳ እንባዋ እስኪመጣ የጠበቀች ይመስል ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም።

«ምን ሆኖ ነው የሚወስደው?» አለች። «ሞኝ።»

«ይንገሩኝ።»

«ወንድምየው መኪናዋን ሲያመጣ ሞተሯ ይንቀጠቀጣል አለኝ፤ ቀይ መብራትም በርቷል፣ ንገሪው አለኝ። የሞተሩን ነገርኩት። የመብራቱን አልነገርኩትም። ሲጨርስ እንደ ወትሮው ጠራኝና ‹የበራ አለ?› አለኝ። በርቷል። ‹የለም› አልኩት።» ጨርቁን አጣጠፈችው፤ ፈታችው። «ጠዋት ያኛው ሊወስዳት መጣ። ‹መብራቱስ?› አለኝ። ‹አይቶታል፣ ሽቦ ነው ብሏል› አልኩት።»

«እንዲሞት ነው?»

«እንዲቀር ነው! መንገድ ላይ እንድትቆምበት፣ ቀጠሮው እንዲያልፍበት። ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ እንዲናደድ። ከዚያ ደግሞ…» ቃሉን ፈለገችው። «ከዚያ ደግሞ መሣሪያው ነበር። ቀዩን ካበራ እሱ ራሱ ያየዋል፣ እኔ ዋሸሁም አልዋሸሁም ይደረስበታል አልኩ። ሰካው። አረንጓዴ ሆነ። ማሽኑ ጤነኛ ነው ካለ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። እውነቴን ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሊያምናት ፈለገ። እንዲህ ያለ ፍላጎት በሥራ ዘመኑ እምብዛም አጋጥሞት አያውቅም።

«ከባለሱቁ ጋር ተነጋግሬያለሁ» አለ። «ባልዎ ደጅ ሆኖ መሣሪያውን መኪና ላይ ሲሞክር፣ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ለእርስዎ አስረድቷል። የፍሬኑን መብራት ሥዕል አሳይቶ፣ ‹ይሄኛው ሲበራ ይሄ መሣሪያ አያውቀውም፤ አረንጓዴ ቢያበራ እንዳትሸወዱ› ብሎዎታል። እርስዎም ‹እኔ አይለታለሁ› ብለው መልሰዋል።»

ከአጥሩ ውጭ አንድ መኪና ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ወጣ።

«ብያለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ማሽኑ ምንም እንደማይል ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ግን ሲበራ ሳየው፣ ያንን አረንጓዴ ሳየው፣ የማላውቅ መሰለኝ። ይገባዎታል?» ቀና ብላ አየችው። «በሩ ሲከፈትለት ልጮህ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ‹በሰላም ግባ› ነው የወጣኝ።»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «ለምን ለወንድምየው አልነገራችሁትም? ወንድሙ እንደማያይ ቢያውቅ ቤቱን ባልሸጠ።»

«ልንገረው አልኩት። ‹የነገርሽው ዕለት ትዳራችን አበቃ፤ በቁሜ ሰው አታስለቅሺብኝ› አለኝ።» ተነሥታ በእጇ ዙሪያውን አሳየችው፤ ዳሱን፣ ጉድጓዱን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ ከቤቱ እስከ በሩ የሚወስደውን ድንጋይ። «የተወለደው እዚህ ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ ያውቀዋል። ሌላ ቤት የገባ ዕለት ዕውር ይሆናል። እዚህ ግን አንድም ቀን ዕውር ሆኖ አያውቅም። ይሄን ነበር ወንድሙ የሚሸጥበት።»

ጨርቁን በቦታው ሰቀለችው። የቀሩትንም መፍቻዎች እስክትጨርስ እንዲታገሣት ጠየቀችው። ታገሣት።

*

ሁለቱ የተገናኙት በጣቢያው መተላለፊያ ውስጥ ነው። እርሱ ሲለቀቅ እርስዋ ልትገባ፤ ኢንስፔክተሩ በሌላ በር ሊያስወጣው አስቦ ነበር፤ ሰውየው ግን ከሩቅ እርምጃዋን ለይቶ በግድግዳው ጥግ ቆመ፤ አልንቀሳቀስም አለ።

ሁሉን ነግረውታል። ቃሉን አልቀበልም፣ ያየሁት እኔ ነኝ እያለ ጠዋቱን ሙሉ ተሟግቶ ደክሞታል። እርስዋም ከፖሊሷ ጋር ስትደርስ ከፊቱ ቆመች። ሳጅኑ እንኳ የሚቀልድበት አላገኘም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጎን ሆነ።

አንድ ነገር ይባባላሉ ብሎ ኢንስፔክተሩ ጠበቀ። ለምን፣ ወይም ይቅር በለኝ፣ ወይም ርግማን። ሚስቲቱ ባሏን ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አስተዋለችው፤ ቤት ሲወጣ በየጠዋቱ እንደምታየው ነው ያየችው።

«ሹራብህን ገልብጠህ ለብሰሃል» አለችው።

ሰውየው በዚያ በሰው መካከል ሹራቡን በራሱ ላይ አውልቆ፣ ገልብጦ፣ እጁን አንድ በአንድ አስገብቶ ለበሰው። ጸጉሩ ቆመ። እርስዋ እጇን ልታነሣ ቃጣት፤ ካቴናው ከለከላት።

«አሁን ልክ ነው» አለች።

ፖሊሷ ክንዷን ያዘች፤ የብረቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ጋሽ ጆሮ የእርምጃዋ ድምፅ እስኪጠፋ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ኢንስፔክተሩ ክንዱን ሊይዘው ቀረበ፤ ሰውየው ግን ገና አልጨረሰም። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን ነገር ሊያደርግ ነበር። ቀኝ እጁን ወደ ግራ ትከሻው አነሣና፣ ስፌቱ በውስጥ ይሁን በውጭ፣ በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ዳሰሰ።